በ«ኖር» ያልተነሳው ሰው

ምንም ሳትደገፍ ከመሬት መነሳት ትችላለህ? መጀመሪያ ይህን መልስልኝ።

ጡረተኛው ጎረቤቴ መምህር ገላዬ፣ «እትዬ፣ በየማለዳው እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሼ እመለሳለሁ። ለዚህ ዕድሜ ይህ አይበቃም? ልጆቼ ሌላም ጨምር እያሉ ይነዘንዙኛል» ሲለኝ የመለስኩለት ይህንኑ ጥያቄ ነው። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እንዲህ ስል ነገርኩት።

አንድ ሰው ነበረ። የፍርድ ቤት መጥሪያ በእግሩ እየዞረ የሚያደርስ መልእክተኛ ነበረ። ጡረታ ከወጣም በኋላ መሄዱን አልተወም። ማለዳ ከደጁ ተነስቶ ድልድዩ ድረስ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ ከዚያ ልጆቹ ባሠሩለት ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አያጎነብስም፣ አይቆፍርም፣ ዕቃ አያነሳም።

ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ዛሬ እንኳ ጎመኑን ኮትኩት! ወገብህ እኮ ዛገ» ትለዋለች።

«ጎረምሶቹን ጠይቂ፤ መንገድ ላይ ጥያቸው ነው የማልፈው» ይላል። እውነቱን ነበር። ሃያ ዓመት እንዲሁ ሄደ።

ይህ ሰው ታላቅ እህት ነበረችው። በአንድ ክፉ ቃል ተቀያይመው አገር ጥላ ከሄደች ብዙ ዘመን አልፏል። ሚስቱ ስትሞት ሰምታ መጣች። «ከተነሳልኝ እታረቀዋለሁ» ብላ በልቧ ቆርጣ ነበር።

እሱ እንደ ሐዘንተኛ ወግ ድንኳን ውስጥ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጧል። እሷ ስትገባ ለቀስተኛው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። እሱም «ኖር» አለ፤ ድምፁ ግን በሰዉ «ኖር» ተዋጠ። መዳፉን ፍራሹ ላይ ተክሎ ገፋ። ጭኑ አልታዘዝ አለው። ደግሞ ገፋ። ከጎኑ የነበሩ ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘው ሊያነሱት ሲሉ፣ ያ አገር ያወቀው እግረኛ በሰው ፊት እንደ ሕፃን መነሳቱ አሳፈረውና እጃቸውን መትቶ «ተዉኝ!» ብሎ ጮኸ።

እሷ ያየችው ሁሉ ቆሞ እሱ ብቻ መቀመጡን ነው። የሰማችውም «ተዉኝ» የሚለውን ነው። «በእግዜር» ብላ እንኳ ሳትመልስ ወጣች። ቆሞ ቢሆን ኖሮ በጥቂት እርምጃ ይደርስባት ነበር። አንስተው ሲያቆሙት መኪናዋ ሄዷል። በዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ ገላዬ፣ ያንተ ወፍጮ ቤት የእሱ ድልድይ ነው። ሰውነትህን መሄድ ብቻ ከጠየቅከው መሄድ ብቻ ያውቃል፤ ሌላው ሳይነግርህ ይከዳሃል። አንድ ቀን ሂድ፣ አንድ ቀን ቆፍር፣ አንድ ቀን ዳገት ውጣ፣ ውኃ የሞላ ባልዲ ተሸከም። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥና ሳትደገፍ ተነስ። በአንድ እግርህ ቁም፤ ሚስትህ ከፈለገች ትሳቅብህ።

እህትየዋም ከእሱ አትሻልም። ዕድሜዋን ሙሉ የለመደችው አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ጀርባ ሰጥቶ መውጣት። በእሱ ጎበዝ ነበረች። ዞር ብሎ «ምን ሆነሃል?» ማለትን ግን አንድ ቀን አልሞከረችውም። ነገሩን የነገረኝ እጃቸውን ከተመቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው፤ ያውም ወንድሜ ከተቀበረ በኋላ።

ገላዬ ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ እርስዎ አላወቁም እኮ። በቃ፣ ይቅር ይበሉ» አለኝ።

አልልም። እሱን ስለ ኩራቱ፣ ሁለቱን ሰዎች ከኋላዬ ስላልተጣሩ፣ ራሴን ስለ ወጣሁበት እግሬ፤ ማንንም ይቅር አልልም።