ወንበሩን ያራቀች ምራት

አንድ ሰው ነበረ።

ቆይ ዝናሽ፣ አትቸኩዪ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «እናቴን ዕቃ ሳላስነሳት፣ ደረጃ ሳላስወርዳት፣ እንደ ንግሥት አስቀምጬ እያኖርኳት ለምንድን ነው ከቀን ወደ ቀን የምትደክምብኝ?» ነው ያልሽኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስኳርና ደም ብዛት ያለብኝ አሮጊት ነኝ። ይህን ነገር ባወራሁት ቁጥር ግን ደስ ብሎኝ መቀመጥ ያቅተኛል። እንግዲህ ልቁምና ልንገርሽ፣ አንቺ ሻይሽን እየጠጣሽ ስሚኝ።

አንድ ሰው ነበረ፣ ገበሬ ነው። መንደሩ ከገደል አፋፍ ላይ ነው። ከገደሉ ማዶ ደግሞ ሴት ልጁ የተዳረችበት መንደር አለ። ከዚህ ሆነሽ የቤቱን ጭስ ታያለሽ፤ መሄዱ ግን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት መውጣት ነው። ይህ ሰው በደህናው ጊዜ ያን ገደል ለጨዋታ ሲል ይወርደው ነበር። ልጁ ስትናፍቀው ጠዋት ይሄዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል።

ሚስቱ ስትሞትበት ወንድ ልጁ መጣና «ከእንግዲህ ብቻዎን አይኖሩም» ብሎ ወደ ራሱ ቤት ወሰደው። ደግ ልጅ ነው፣ ይባረክ። ባለ መደገፊያ ወንበር ከከተማ አስመጣለት፣ ትራስ አደረገበት፣ ከደጃፉ ጥላ ሥር አኖረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባት ምንም ነገር እንዳይነካ ተባለ። አጥር ሊያጠብቅ ሲነሳ «ኧረ በሞቴ፣ እኛ እያለን?» ይሉታል። በግ ልመልስ ሲል የልጅ ልጆቹ ቀድመው ይሮጣሉ። የእጅ መታጠቢያውም ገበታውም እሱ ካለበት ይመጣል። ከዘራውን ሳይቀር «አሁን ምን ያደርግልዎታል» ብለው ከግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

መንደሩ ይህን አይቶ ጉድ አለ። በዚያ የሚያልፈው ሁሉ «መውለድ እንዲህ ነው እንጂ፤ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይላል። ከሁሉ ይበልጥ የተመሰገነችው ምራቱ ናት። እሷ ደግሞ ሐሜት የምትፈራ፣ ወደዚያ ቤት አንገቷን ደፍታ ገብታ አንገቷን እንደ ደፋች የኖረች ሴት ናት። «አማቷን አሠራች፣ ጡሩ ይደርስባታል» ከምትባል ሞቷን ትመርጣለች። ባመሰገኗት ቁጥር ሌላ ትራስ ትጨምራለች።

ወራት አለፉ፣ የሰውዬው እግር አበጠ። ሲነሳ በቀኝም በግራም ሰው ይደግፈው ጀመር። ጋሪ ላይ አስቀምጠው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ነርሷ ደሙን መረመረች፣ ግፊቱን ለካችና «ስኳርም የደም ግፊትም አለብዎት» አለችው። «ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት ከምግብ ጋር ይውሰዱ፣ ጨውና ጣፋጭ ይቀንሱ፣ ማታ ማታ እግርዎን ታጥበው ቁስል እንዳይኖርበት ይዩት። በየቀኑም ይራመዱ፤ በጥቂቱ ጀምረው እየጨመሩ ይሂዱ።»

ልጅየው ከዚህ ሁሉ የሰማው ኪኒኑን ነው። ኪኒን በሁለት እጅ ስለሚሰጥ ማክበር ነው። መራመድ ግን «ሽማግሌ አባቱን በየመንገዱ ይለቃል» ስለሚያሰኝ ውርደት ነው። ስለዚህ ኪኒኑን ሳያዛንፉ አስዋጡት። በምን እንደሚያወራርዱለት ታውቂያለሽ? በብርዝ። ለአባት ባዶ ውሃ አይሰጥማ። ለስኳር የታዘዘውን ኪኒን በማር ውሃ። አትሳቂ፤ ይህን ሁሉ ያደረገው ፍቅር ነው። እንጦረዋለን ብለው እየቀበሩት ነበር፤ አንዳቸውም ግን አላወቁም።

መስከረም ሲጠባ ከማዶ፣ ከሴት ልጁ ዘንድ መልእክት መጣ። «የልጅ ልጅዎ በጥር ትዳራለች። አያቴ መጥቶ ካልመረቀኝ ከቤት አልወጣም ብላለች» ይላል። ይህችን ልጅ ትከሻው ላይ እያስቀመጠ ነው ያሳደጋት። ሰውዬው ፊቱ በራ። ወዲያው ቀና ብሎ ገደሉን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«አይዞዎት አባባ» አለው ልጁ፣ «በቃሬዛ እንወስድዎታለን። ጎረምሶቹ እየተፈራረቁ ይሸከሙዎታል።»

«በቃሬዛ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ በቃሬዛ ሰው መቃብር ይሄዳል» አለ ሽማግሌው። «በቃሬዛ ሰርግ የሄደ ግን አይቼ አላውቅም። ለሙሽራዪቱ ሟርት ይዤላት ልሂድ?»

በቅሎስ እንዳትዪኝ። ያ ቁልቁለት ጋላቢ ከበቅሎ ወርዶ የሚያልፍበት ነው፤ እሱ ደግሞ ወርዶ የሚቆምበት እግር የለውም። ያን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምራቱ ምሳ ይዛ ስትገባ ሲያለቅስ አገኘችው። ምሳው እንደ ቀረበ ተመለሰ፣ እሷም አብራ ሳትበላ ዋለች።

በማግስቱ ወደ ማሳው ወረደች። ባሏ አንድ በሬ ነበረው፣ እግሩን ታሞ ክረምቱን ሙሉ ከጋጣ ሳይወጣ የከረመ። ስትደርስ በሬውን በማሳው ዳር ያዞረዋል። ቀንበር የለ፣ ሞፈር የለ፣ ዝም ብሎ መዞር ብቻ። «ምነው አትጠምደውም?» አለችው።

«ክረምቱን የተኛ በሬ ባንዴ ይጠመዳል እንዴ?» አላት። «መጀመሪያ እንዲህ እያዞሩ ነው እግሩን የሚያፍታቱለት። ጋጣ ውስጥ ከተተወማ እንደ ተሳሰረ ይቀራል።»

ይህን ብሎ ማዞሩን ቀጠለ። ዝናሽ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ልቤ ይዘላል። ለበሬው የታሰበለት ነገር ለአባትየው እንዳልታሰበለት ያን ጊዜ ገባት።

በነጋታው ባሏ ከቤት እንደ ወጣ፣ አማቷ ገና መደብ ላይ ሳለ፣ ወንበሩን አነሳች። ግቢውን አቋርጣ ከአጥሩ በር አጠገብ፣ ከግራሩ ሥር አኖረችው። ቁርሱን እዚያ አቀረበች። ኪኒኑን አስቀመጠች፤ ከጎኑ ብርዝ ሳይሆን ውሃ አደረገች። ከዚያ ተመልሳ ከዘራውን ከግድግዳው አወረደችና እጁ ላይ አኖረችለት።

«አባባ፣ ቁርስዎ ከወንበሩ ጋር ነው» አለችው።

«ወንበሩ የት ነው?»

«ከአጥሩ በር።»

«አምጪዋ።»

«አላመጣም አባባ።»

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ሰውዬው ጦፈ። በገዛ ልጄ ቤት በምራቴ ልናቅ ብሎ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። ልብ በይ፣ ማንም ሳይደግፈው ነው የተነሳው። የተነሳውም ሊመታት ነው። እሷ ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ፣ ቢወድቅ ልትይዘው እጇን ዘርግታ፣ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች። እሱ ከዘራውን ላንሳ ይልና እግሩ ሲከዳው መልሶ ይመረኮዘዋል፤ ይሰድባታል፣ አንድ እርምጃ ይጨምራል። እሷ ታለቅሳለች፣ አንድ እርምጃ ትሸሻለች። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ግቢውን ጨረሱት። ሰውዬው ወንበሩ ላይ ዘጭ ሲል በላብ ተጠምቆ ነበር። ትንፋሹ እስኪመለስ ቀና አለ። ከበሩ ማዶ ማሳው ይታያል፤ ከደጃፉ ጥላ ሥር መዋል ከጀመረ ወዲህ አይቶት አያውቅም።

«ጤፉ እንዲህ አሽቷል እንዴ?» አለ።

ሊመታት መነሳቱን ረስቶታል። ቁርሱን በላ፣ ኪኒኑን በውሃ ዋጠ፣ ፀሐይ እስኪጠነክር ድረስ ማሳውን ሲያይ ቆየ።

ጎረቤት ግን አይቷል፣ ጎረቤት መቼ ሳያይ ይቀራል። «አማቷን እንደ ውሻ በቁራሽ ታስከትላለች» ተባለ። «ጡሩ ይደርስባታል» ተባለ፤ ያው ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ቃል። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ዕቃቸውን እያነሱ ይሄዱባታል። ባሏ ወሬውን ከሰው አፍ ሰምቶ እየነደደ መጣ። «በመንደሩ መሃል አሳፈርሽኝ» አላት።

«እኔ ልፈር፣ እሳቸው ይሂዱ» አለችው። «አንተ በሬህን ከጋጣ ስታወጣ እኔ ምን አልኩህ?»

ባሏ ወንበሩን ወደ ደጃፉ ሊመልስ ሄዶ ነበር፤ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ከዚያ በኋላማ ወንበሩ መንገድ ገባ። ከአጥሩ በር ወጥቶ ጎረቤት አጥር ደረሰ፣ ከዚያ ከምንጩ፣ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር። ሰውዬው ጠዋት ሲነቃ «ዛሬ ደግሞ ወንበሬ የት ሄደ?» እያለ ይስቃል። የመንደሩ ሽማግሌዎች በመጀመሪያ ሊታዘቡ መጡ፣ ቀጥለው አብረውት መሄድ ጀመሩ። ወንበሩ አንድ፣ እነሱ ብዙ ስለሆኑ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል። ታዲያ ለዚያ ወንበር ሲሉ ከዘራ ለከዘራ ሲሽቀዳደሙ ብታዪ በሳቅ ትሞቺ ነበር።

ምራቲቱ ደግሞ ዝም ብላ የምትነዳ እንዳይመስልሽ። ማታ ማታ እግሩን ታጥበዋለች፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ታያለች። አንድ ቀን ተረከዙ ተልጦ አገኘችው። በማግስቱ ወንበሩን ከደጃፉ አላራቀችም፤ ጋሪ ጠርታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ቁስሉን አከመችለት፣ እስኪድን እንዲያርፍ ነገረችው፣ የጠበበውን ጫማ እንዲቀይር አዘዘችው። ስኳሩን ለክታ ደስ አላት። እሱ ደግሞ ይህን ሲያይ «እንግዲያ ኪኒኑን ልተወው?» አላት። «እኔ ሳልልዎት እንዳይተዉ» አለችው፣ እሱም ሰማት።

በኅዳር ወንበሩ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጠ። በታኅሣሥ ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ ዋለ። ጥር ገባ።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ጎረምሶቹ ቃሬዛ ይዘው ከደጃፉ ቆመዋል፤ ልጅየው ሆዱ ስላልቻለ ነው ያዘጋጀው። ሽማግሌው ቃሬዛውን አየና «ይህን እንጨት ለማገዶ አውሉት» ብሎ በአጠገቡ አልፎ ሄደ። ቁልቁለቱን እያረፈ ወረደ። ወንዙን የምራቱን ክንድ ይዞ ተሻገረ። ዳገቱ ላይ ብዙ ጊዜ ቆመ፣ ብዙ ጊዜ ተነፈሰ፣ ግን ወደ ኋላ አላየም። ልጁ ከኋላ ይከተለዋል። አባቱን ሊሸከም የነበረው ሰው ትከሻው ላይ ያን ወንበር ተሸክሟል።

ከማዶ ሲያዩት እልልታው ቀለጠ። ሙሽራዪቱ የሙሽራ ልብሷን እንደ ለበሰች ሮጣ ወጥታ ጉልበቱን ልትስም ተንበረከከች። ልጅየው ወንበሩን ከዳሱ መሃል፣ ከክብር ቦታው አኖረና «ይቀመጡ አባባ፣ ደክሞዎታል» አለው።

ሽማግሌው አልተቀመጠም። በዓይኑ ምራቱን ፈለጋት። ከዳሱ ጥግ፣ ያሟት ከነበሩት ሴቶች ጀርባ፣ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ሄዶ ክንዷን ያዘ፣ በሰው ሁሉ መሃል አሳልፎ አመጣት፣ በዚያ ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«ተቀመጪ ልጄ» አላት። «የደከምሽው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ በሁለት እግሩ ቆሞ መረቀ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሙሽራዪቱን። ሴቶቹ አሜን ሲሉ እያለቀሱ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ዝናሽ። ያ ሽማግሌ እናትሽ ናት። ወንበሩ ሳሎንሽ ውስጥ ያለው ሶፋ ነው። ብርዙም ስኳሩን እያበዛሽ የምታቀርቢላት ሻይ ነው። እናትሽ እትዬ የሺመቤት በርበሬ ተራ ነጋዴውን ሁሉ በምላሷ የምትረታ፣ ጆንያ ከወዲያ ወዲህ የምትጎትት ሴት አልነበረችም? ዛሬ የቴሌቪዥኑን ሪሞት እንኳ ሠራተኛሽ ናት የምታነሳላት። አንቺ እስከ አሁን የልጅየውን ሥራ ሠርተሻል፤ ሰፈሩም አመስግኖሻል፣ እኔም ከአመስጋኞቹ ጋር ነበርኩ። ከእንግዲህ የምራቲቱን ሥራ ሥሪ።

ወንበሩን አውጥተሽ ጣዪ አላልኩሽም። ቀስ እያልሽ አርቂው። መጀመሪያ ሐኪሟ ዘንድ ውሰጃትና ምን ያህል እንደምትችል ጠይቂ፣ ኪኒኗን በራስሽ እጅ እንዳትቀንሺ፣ እግሯን እያጠብሽ እዪላት። ሐኪሟ ከፈቀደ በኋላ አንድ ጠዋት «እማዬ፣ ሽንኩርት አልቆብኛል፤ ነይ አብረን እንውረድ» በያት። ትቆጣለች። ከተቆጣች እሰይ በይ፣ ያ ቁጣ ነው ከሶፋው የሚያስነሳት። ጎረቤት «አሮጊት እናቷን ሱቅ አወረደች» ይላል። አንቺ ልፈር በይ፣ እሷ ትሂድ።

ልጅሽ በሰኔ ይመረቃል አላልሽኝም? አያቱን ፎቶ መሃል ሊያቆማት ነው የሚፈልገው፤ አዳራሹ ደግሞ ደረጃ አለው። ዛሬ ገና ጥቅምት ነው፣ ጊዜ አለሽ።

በይ ሻይሽን ጨርሺና ተነሺ፤ እስከ ታክሲው ድረስ ልሸኝሽ። «ኧረ እማማ፣ አይልፉ» እንዳትዪኝ ብቻ።