ዳንቴል የለበሰው ስልክ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ኬሚስትሪ የማስተምር ሴት ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ «ዕቃ ሲነጋገር ሰማሁ» ብል ጠበል ይወስዱኛል እንጂ ማን ያምነኛል? ስለዚህ እንደ ተረት ልንገራችሁ። ተረት ያወራ ሰው ጠበል አይወሰድም።

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» አትበሉኝ። ቤታችን ላም ኖሮ አያውቅም፤ የነበረችን አንዲት ዶሮ ናት። «የዶሮ ቆጥ» በሉኝ።

ተረት ተረት!

እሺ፣ ሰምቻችኋለሁ።

ድሮ ድሮ፣ የስልክ ካርድ በጥፍር እየተፋቀ በሚሞላበት ዘመን፣ አንዲት ዓይነ አፋር ሴት ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። ያቺ ዓይነ አፋር እኔ ነኝ። እናቴ አልጣሽ ደግሞ የማትሸፍነው ነገር አልነበራትም። ሶፋው ከሱቅ የመጣበት ላስቲክ አልወለቀለትም። ሪሞቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ በጎማ ታስሯል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እንግዳ ይጠብቃሉ፤ እንግዳው ሲመጣ «እንዳይሰበሩ» ተብሎ በፕላስቲክ ኩባያ ይጠጣል።

አዲስ ስልክ የገዛሁ ዕለት እናቴ በሁለት እጇ ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ውይ! ራቁቱን ነው እንዴ የመጣው?» አለች።

ራቁቱን አልተውነውም። መጀመሪያ መስታወት ልናስለጥፍለት ሄድን። ለጣፊው ሰውዬ «እናቴ፣ ይሄ የፋብሪካው ላስቲክ መጀመሪያ ይላጥ እንጂ» ቢላት፣ «ምን አደረገህ? ይቀመጥ!» ብላ ተቆጣችው። መስታወቱ ከላስቲኩ በላይ ተለጠፈ። ቀጥለን እንደ ጫማ ሶል የወፈረ ጥቁር የጎማ ከቨር ገዛንለት። ከዚያ እናቴ ከቨሩን ትክ ብላ አየችና «ይሄም እኮ አዲስ ነው፤ ይቆሽሻል» አለች። ለከቨሩ ነጭ የዳንቴል ከረጢት ሠራችለት፤ አፉ ላይም ሦስት ትንንሽ ቁልፎች ተከለችበት።

ስልኬ ክርስትና የሚነሣ ሕፃን መሰለ።

በትምህርት ቤታችን ሽመክት የሚባል የሒሳብ መምህር ነበር። እሱም እንደኔ ዓይነ አፋር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጠመኔ አለሽ?»፣ «አለኝ» ከመባባል አላለፍንም። የጋውኑ ኪስ ግን ሁልጊዜ ጠመኔ እንደሞላው ነበር። አያለሁ፤ ዝም እላለሁ። ከቦርሳዬ አውጥቼ እሰጠዋለሁ።

አንድ አርብ የሽመክት ዝውውር ደረሰ። ሩቅ አገር ነው፤ ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ይሄዳል። የመምህራኑ ክፍል በር ላይ አገኘኝና ጫማውን እያየ ተናገረ።

«እሁድ ከሰዓት እደውልልሻለሁ። አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። ካላነሳሽው… መልሱን ተረድቻለሁ ማለት ነው፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

እኔም ጫማውን እያየሁ «እሺ» አልኩት።

እሁድ ደረሰ። እናቴ ወደ ዕድር ስብሰባ ሄደች። ዝናብ ስለጣለ፣ እንቁላል የታቀፈችውን ዶሯችንን ከነቅርጫቷ አስገብቼ ከሳሎኑ በር ጀርባ አስቀመጥኳት። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

ጠራ! ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። የዳንቴሉን አንደኛ ቁልፍ ፈታሁ። ሁለተኛውን ፈታሁ። ሦስተኛው አልፈታ አለ። ሳባብለው መጥራቱን አቆመ።

ዳንቴሉን ገፍፌ ጣልኩት። ጠራ! ጣቴን ፊቱ ላይ ባንሸራትት አይሰማም። በላስቲኩና በመስታወቱ መካከል የገባው አየር እንደ እንቁራሪት ዓይን ጉብ ጉብ ብሏል። ጠረግኩት፣ ነካሁት፣ ተጫንኩት፣ ለመንኩት። አቆመ።

ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ! በአውራ ጣቴ ጥፍር ብፍቀው ተከፈተ።

«ሄሎ?» አለ ሽመክት።

«አቤት!» አልኩ።

«ሄሎ?»

«አቤት! አቤት አልኩህ እኮ!»

«ሄሎ… እሺ። ገባኝ። ደህና ሁኚ።»

ዘጋው። ለካስ ወፍራሙ ከቨር የስልኩን አፍ ደፍኖታል፤ እኔ እሰማዋለሁ፣ እሱ አይሰማኝም። «ገባኝ» ያለው ምን እንደገባው እግዜር ይወቅ፤ ከኔ የወጣ ቃል አልደረሰውም።

መልሼ ልደውል? እኔ? ለወንድ? ገና ሳስበው ፊቴ ጋለ። ሶፋው ላይ ተጋደምኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ያን ጊዜ ነው የሰማኋቸው።

«ጉድ ሠራችሁኝ!» አለ ስልኩ። «ሰውዬው ነገ ሊሄድ ነው! ልሰማና ላሰማ ተፈጥሬ ዲዳ አደረጋችሁኝ!»

«እኛ?» አለች ዳንቴሏ መሬት ላይ እንደተኮማተረች። «ልጄ፣ እኔ አቧራ እንኳ አላስነካሁህም።»

«እማማ ዳንቴል፣ መቼ አቧራ ብቻ ሆነና! ሰውም አላስነኩኝም!»

«አፍህን ያዝ!» አለ ከቨሩ በጎርናና ድምፅ። «የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ የተንከባለልክ ዕለት ማነው የተመታው? እኔ። ማነው የጮኸው? አንተ።»

«እሱስ እውነት ነው፣ ጋሼ ከቨር።»

«የርዕሰ መምህሩን ስልክ አላየኸውም? ራቁቱን እየሄደ ሲኩራራ ነበር። ዛሬ ፊቱ የሸረሪት ድር ሆኗል። ሰውዬው "ሄሎ" ባለ ቁጥር ጣቱ ይደማል።»

«እኔስ?» አለ መስታወቱ። «ቦርሳ ውስጥ ከቤት ቁልፍ ጋር ሲያጭቁህ የተጫረው የማን ፊት ነው? ና፣ ቁጠረው! ያንተን ጭረት ሁሉ የተጫርኩት እኔ ነኝ።»

«አልፈልግም!» አለ ስልኩ። «ሁላችሁም ውለቁልኝ! ራቁቴን እሄዳለሁ!»

«ትሰበራለህ!»

«ልሰበር!»

«አወዳደቅህን ያሳምረው!» አለ ከቨሩ።

«እኔን ጠይቁኝ እንጂ» የሚል ድምፅ ከሥሬ መጣ። ሶፋው ነው! ደንግጬ ልነሳ ነበር፤ ላስቲኩ ተንጫጭቶ እንዳያጋልጠኝ ትንፋሼን ዋጥኩ። «እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የጨርቄን ቀለም አይቼው አላውቅም። ቡናማ ነህ ይሉኛል። ሰው ሲቀመጥብኝ ይንሸራተታል፤ ሲነሳ ቆዳው እኔ ላይ ይቀራል። ተጠብቄያለሁ፤ አዎ። ግን ማን ወደደኝ?»

«እኔ ደግሞ ቁጥሮቼ አይታዩም» አለ ሪሞቱ ከላስቲኩ ውስጥ እያጉረመረመ። «ድምፅ ጨምር ሲሉኝ ጣቢያ እቀይራለሁ። "ይሄ ነገር አበደ" ይሉኛል። አላበድኩም! ታፍኜ ነው!»

«እኛም! እኛም!» አሉ ብርጭቆዎቹ ከቡፌው። «ለእንግዳ ናችሁ ተባልን። እንግዳው መጣ፤ በኩባያ ጠጥቶ ሄደ። ሌላም መጣ፤ እሱም በኩባያ። ከንፈር ምን እንደሚመስል ሳናውቅ አረጀን!» ብለው አለቀሱ። ቡፌው ተንቀጫቀጨ።

«ዝም በሉ!»

 ከበሩ ጀርባ ገብስማዋ ዶሯችን አንገቷን ከቅርጫቷ አውጥታለች።

«እንቁላል የታቀፈ ሰው ባለበት ቤት እንዲህ ይጮሃል?» አለች።

«እሜቴ ገብስማ፣ ይፍረዱን» አለ ስልኩ። «ይፍረዱን!» አሉ ሁሉም። ስለ መሸፈን ከእሷ በላይ የሚያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም፤ እናቴ ራሷ ሁለተኛ ናት።

ዶሮዋ ላባዋን አራገፈች። «አንተ ስልክ፣ ከቨር አልፈልግም አልክ?»

«አልፈልግም!»

«ሞኝ ነህ። ቅርፊት ባይኖር ኖሮ የታቀፍኩት ጫጩት አይሆንም ነበር፤ ፍርፍር ይሆን ነበር።»

ከቨሩ ከት ብሎ ሳቀ።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? ቀኑ ደርሶ ያልተሰበረ ቅርፊት ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እሜቴ።»

«ይገማል።»

ከቨሩ ሳቁን ዋጠ።

ይህን ጊዜ ከዶሮዋ ሆድ ሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ጆሯቸውን አቆሙ። «ቋ… ቋ።»

«አንዱ ሊወጣ ነው!» አለች ዳንቴሏ። «እሜቴ፣ ይርዱት እንጂ! በመንቁርዎ አንድ ጊዜ መታ ቢያደርጉለት…»

«አልመታለትም። ከውጭ ከሰበርኩት ይሞትብኛል። ከውስጥ ራሱ ከሰበረው ይኖርልኛል። ሰዎች "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያሉ ይተርታሉ። ይሄዳል፣ አልዋሹም። ግን ከነቅርፊቱ ሲሄድ ያየ አለ?»

«የለም!» አሉ ብርጭቆዎቹ በአንድ ድምፅ።

«እንግዲያው ፍርዴን ስሙ። ከቨሩ ይኑር፤ የስልኩ አፍ ያለበት ቦታ ግን ይቀደድ። መስታወቱ ይኑር፤ ከሥሩ ያለው ላስቲክ ግን ይላጥ።»

«እኔስ?» አለች ዳንቴሏ በቀጭን ድምፅ።

«አንቺ ልጄ፣ ወገኖችሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ናቸው። ወደ ወገኖችሽ ሂጂ።»

ከዚያ ዶሮዋ አንገቷን አዙራ በአንድ ዓይኗ ወደ ሶፋው አየች።

«ያቺ የተኛች መስላ ዓይኗን የጨፈነችውም ሰምታለች። የእሷን ቅርፊት ግን እኔ አልሰብርላትም።»

ላብ አጠበኝ። ላስቲኩ ከሥሬ «ጭጭጭ» አለ። ዕቃው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም።

እናቴ ስትመለስ «ምነው ፊትሽ ቀላ?» አለችኝ።

«ሙቀት ነው።»

«በዚህ ዝናብ?»

«እማ፣ ዶሮዋ ፈለፈለች» አልኳት። ሙቀቱን ረስታ ወደ ቅርጫቱ ሮጠች።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ሳትነሳ ተነሳሁ። መስታወቱን በጥፍሬ ፈልቅቄ ላስቲኩን ላጥኩት፤ መስታወቱንም መልሼ ለጠፍኩት። ትንሽ ጠመመ። ይጥመም። ከቨሩን በመቀስ የስልኩ አፍ ያለበት ቦታ ላይ ቀደድኩት። ዳንቴሏን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳረፍኳት። ከዚያ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

የሽመክት አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። እሱ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። መቅረብ አፈርኩና ከሩቅ ሆኜ ደወልኩለት። ሲጠራ አየሁት፤ ደረቱን ዳበሰ። ስልኩን ከኮቱ አወጣ። ስልኩ ግን በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ነው። የቦርሳው ዚፕ አልከፈት አለው። ታገለው፤ ተከፈተ። ከቆዳው ውስጥ ደግሞ የላስቲክ ከረጢት ወጣ፤ በክር የታሰረ! ለካስ እሱም እናት አለው።

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ሽመክት» አልኩ። ከጎኔ የቆመው ሰው እንኳ አልሰማኝም።

«ሽመክት!» አልኩ። ከጎኔ የቆመው ሰው ሰማኝ።

«ሽመክት!!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ተሸካሚዎቹ ዞሩ። ቲኬት ሻጩ ዞረ። «ሽመክት! ሽመክት የሚባል ሰው!» እያሉ ተቀባበሉልኝ። አውቶቡሱ ቆመ። ሽመክት ክሩን በጥርሱ እንደያዘ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ትናንት አቤት ብዬህ ነበር!» አልኩት። «ደጋግሜ አቤት ብያለሁ! ምንድን ነበር ልትጠይቀኝ ያሰብከው?»

 ሽመክት ዓይኑን የሚያሳርፍበት ጫማ ፈለገ፤ በመስኮት በኩል የሚታይ ጫማ የለም። ያለው የእኔ ፊት ብቻ ነው።

«ጠመኔ… ጠመኔ አለሽ?» አለኝ።

«ኤዲያ!» አሉ ተሸካሚዎቹ።

«አለኝ!» አልኩት። «ዕድሜያችንን ሙሉ የሚበቃን አለኝ!»

ሽመክት ሻንጣውን ይዞ ወረደ።

«የዶሮ ቆጥ» ያላችሁኝ ሁሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ። ልጃችሁንም ስልካችሁንም አልብሱ፤ አፉን ግን አትድፈኑት። እንቁላልም በእግሩ የሄደ ዕለት ቅርፊቱን ተሰናብቶ ነው የሄደው።