ከእርከኑ የቀሩት አያ ቢሻው

በእኛ ወረዳ፣ ጉዳይ ሳይኖረው ከቢሮ ደጅ የማይጠፋ፣ ዱቄቱን ከተቀበለም በኋላ ከወፍጮ ቤት የማይወጣ ሰው ሲያጋጥም አንዲት አነጋገር ጣል ትደረጋለች። የዛሬ ልጆች ለፌዝ የምትባል ይመስላቸዋል። አይፈረድባቸውም፤ መጀመሪያ የተነገረችበትን ቀን አላዩም።

ነገሩ የመጣው በአያ ቢሻው ነው። ያን ጊዜ በሴፍቲኔት የታቀፈ ጤነኛ ሰው በወር አምስት ቀን ተራራ ወጥቶ፣ ድንጋይ እየካበ እርከን ይሠራል፤ ቀኑን ከሞላ ስንዴውን ይወስዳል። ካልሠራ የለም። ደካማ ግን ሳይሠራ ይሰፈርለታል። አያ ቢሻው ዳሌያቸውን ያማቸው ስለነበር ኮሚቴው ከሥራ ነጻ አደረጋቸው። አገሩ ሁሉ ቀናባቸው። “ታድለህ! ቁጭ ብለህ ልትበላ!” አሏቸው እኩዮቻቸው።

ቁጭ ብሎ መብላት ምን እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት አልፏል፤ አንዲት ልጃቸው ቤሩት ከሄደች ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል። ማለዳ ሰዉ አካፋና ዶማውን ተሸክሞ እየተሳሳቀ በደጃቸው ያልፋል፤ ከዚያ መንደሩ ጭር ይላል። ውሻቸው እንኳ ሠራተኛውን ተከትሎ መሄድ ለመደ። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ተፋጠው ይውላሉ። የእደላው ቀን እንኳ አልጠቀማቸውም። ለደካማ ቅድሚያ ይሰጥ ተብሎ፣ ማንም ሳይመጣ ሰፍረው ይሸኟቸዋል። ሰዉ መሰብሰብ ሲጀምር እሳቸው ቤታቸው ደርሰዋል። ለሌላው ክብር ነው፤ እሳቸውን ግን ከፋቸው።

አንድ ቀን ማልደው የቡድን መሪው ይማም ቤት ሄዱ።

“ይማም፣ ከሠራተኛው መዝገብ አስገባኝ።”

“አንቱ ደግሞ! ሰው ከሥራ ለመውጣት ሐኪም ይለምናል።”

“እኔ ለመግባት እለምናለሁ።”

“ዳሌውስ?”

“ዳሌዬ ያመኛል። ቤቴ ግን ይብሳል።”

ይማም መዝገቡን አውጥቶ ገለጠ። “ይስሙኝ፣ አያ ቢሻው። እሠራለሁ ብለው ከፈረሙ የደካማ ቦታዎን ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይወስደዋል። ቀኑን ካልሞሉ ደግሞ ስንዴ የለም። ከሁለቱም እንዳይቀሩ።”

“ይውሰደው” አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

የመጀመሪያው ወር ሰርግ ሆነላቸው። ትንንሹን ድንጋይ ያቀብላሉ፤ ጎረምሶቹ “አያ ቢሻው፣ ይህን ጠጠር ብቻዎን አነሱት?” እያሉ ይተርቧቸዋል፤ እሳቸውም መልስ አያጡም። ምሳ ሰዓት ላይ የሽንብራ ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በሁለተኛው ወር ግን ዳሌያቸው አልታዘዝ አለ። ይማም ሁለት ቀን እንዳላየ ሆኖ አለፋቸው። በሦስተኛው ቀን ከወረዳ የመጣ ተቆጣጣሪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያወጉ አገኛቸው። ያልሠራ አይወስድም አለና ስማቸውን ሰረዘ። ወደ ደካሞቹ መዝገብ ለመመለስ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ምዝገባ መጠበቅ ነበረባቸው። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ቤታቸው ያለው ስንዴ ከሐምሌ አያልፍም።

የእደላው ቀን አያ ቢሻው ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው፣ በብብታቸው ይዘው በማለዳ ተሰለፉ። ከኋላቸው የልጃቸውን ካርድ ይዘው የቆሙት እኩያቸው እትዬ ወለላ ነበሩ።

“ቢሻው፣ ካልሰጡህ ከእኔ ሁለት ጣሳ እሰፍርልሃለሁ” አሏቸው።

“እሱን ተይው። ይልቅ የልጅሽን ሰርግ ጀምረሽልኝ ነበር፤ ሚዜው ከበቅሎ ወደቀ አልሽኝ። ከዚያስ?”

እትዬ ወለላ ጨረሱላቸው። አያ ቢሻው ከት ብለው ሳቁ፤ እንዲያ ሲስቁ ሰው ካያቸው ብዙ ጊዜ ሆኗል። ሕፃን ያዘለችውን አሳለፉ፤ ቸኩያለሁ ያለውን ሁሉ አሳለፉ። በመጨረሻ እትዬ ወለላንም “እለፊ” አሏቸው፤ እሳቸው ግን አላልፍም ብለው ከኋላቸው ቀሩ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ተራው ደረሰ።

ጸሐፊው መዝገቡን አገላበጠ። “አያ፣ ስምዎ እኮ የለም።”

“አውቃለሁ ልጄ።”

“ካወቁ ታዲያ ለምን ተሰለፉ?”

አያ ቢሻው ጆንያቸውን እንደታጠፈ ይዘው፣ እያነከሱ፣ በሰልፉ ጎን ወደ ኋላ ሄዱና ከመጨረሻው ሰው ጀርባ ቆሙ። “እንዴት ዋልክ?” አሉት ሰውየውን፤ ወሬም ጀመሩ።

ጸሐፊው ተናደደ። “እኚህ ሰውዬ ይቀልዱብኛል እንዴ? ዘበኛ፣ አስወጣልኝ!”

እትዬ ወለላ ዘበኛውን በእጃቸው አገዱትና ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ “ተወው ልጄ፣ ስንዴህን አልጠየቀህም፤ ሰው ላጣ፣ ሰልፍ ዘመዱ ነው” አሉት።