ከዳር እስከ ዳር

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምህር ይትባረክ በቁጣ።

ያስቆጣቸው የስመኝ ጥያቄ ነው። ስመኝ ድሮ እንግሊዝኛ ያስተማሯት ልጅ ናት፤ አሁን ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት ተቀጥራለች። የምትተረጉመውን አንድ የመሬት ውል ይዛ መጥታ፣ «መምህር፣ እነዚህ ፈረንጆች ለአንድ ነገር ስንት ቃል ነው ያላቸው? ኤጅ፣ ቦርደር፣ ባውንደሪ፣ ሊሚት፣ ማርጂን... ሁሉንም ‹ዳር› ብዬ ብገላገል ምን አለበት?» አለቻቸው። እየሳቀች ነበር። እሳቸው አልሳቁም። ወንበራቸውን ወደ እሷ አዙረው ይህን ነገሯት።

ገበሬው ገደል አጠገብ የሚኖር ሰው ነበረ። ከአባቱ የወረሳት አንዲት ማሳ ነበረችው። ማሳዋ ሰፊ አልነበረችም፤ አፈሯ ግን ጥቁርና ወፍራም ስለሆነ ሚስቱንና አምስት ልጆቹን ታበላለታለች። በማሳዋ ጫፍ አባቱ ያቆመው የወሰን ድንጋይ አለ። ከወሰኑ አልፎ እስከ ገደሉ አፋፍ ያለውም መሬት የራሱ ነው፤ ግን ድንጋይ ብቻ ነው፣ ፍየል እንኳ የምትቀምሰው ነገር የለውም።

አንድ ቀን መንገድ የሚሠራ ኩባንያ ድንጋይ ፍለጋ መጣ። መሐንዲሱ የውጭ አገር ሰው ስለሆነ አስተርጓሚ ይዞ ነበር። ገበሬው በክብር ተቀበላቸው። ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ በእጁ እያሳየ፣ «ከዚህ ከወሰኑ ጀምራችሁ እስከ ገደሉ አፋፍ ያለውን ድንጋይ ውሰዱ። መንገዱ ለእኛም ነው። ከወሰኑ ወዲህ ግን እንዳትመጡብኝ፤ የልጆቼ ጉሮሮ ነው» አላቸው።

ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ነበር። አስተርጓሚው ፀሐዩ ከብዶታል፣ ርቦታል፣ መኪናው ውስጥ ለመግባት ቸኩሏል። ወሰንን «ኤጅ» አለው። አፋፍንም «ኤጅ» አለው። የልጆቹን ጉሮሮ ጭራሽ ዘለለው። ለመሐንዲሱ የገባው እንግዲህ ሰውየው መሬቱን ከዳር እስከ ዳር እንደሰጠ ነው። ደስ ብሎት የገበሬውን እጅ ጨበጠ።

በሳምንቱ ውሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጣ። ገበሬው ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «የተጻፈው የተናገርኩት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

አስተርጓሚው ዓይኑን ወረቀቱ ላይ እንኳ ሳያሳርፍ፣ «አዎ አባባ፣ ያሉት ነው። እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለው።

ገበሬው አመነው። አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ አሳረፈ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ለለቅሶ ማዶ ቀበሌ ሄዶ ሁለት ቀን አደረ። ሲሄድ ማሳው ላይ ምስር አብቦ ነበር። ሲመለስ ምስሩ የለም። ምስሩ ብቻ አይደለም፣ አፈሩም የለም። ዶዘር ጥቁሩን አፈር እየጠረገ ገደል ከቶታል፤ ከሥሩ ነጭ አለት አፍጥጧል። ሚስቱ መሐሉ ላይ ተቀምጣለች። ዶዘሩ ፊት ቆማ ጮኻ ነበር። ሹፌሩ ወርዶ ወረቀት አሳያትና፣ «እናቴ፣ እኔ ታዝዤ ነው። ባልሽ ፈርሟል» አላት።

ባሏን ስታየው አልተነሳችም። «ፈርመሃል?» አለችው።

«ፈርሜያለሁ» አለ። «ለዚህ ግን አልፈረምኩም።»

«እኔ ማንበብ አልችል፣ አንተ ማንበብ አትችል። ታዲያ ማን ነው ያነበበው?»

ገበሬው ዱላውን አንስቶ በቀጥታ ወደ ኩባንያው ሰፈር ሄደ። አስተርጓሚውን ድንኳን ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ አገኘው፤ የሆነውን ሁሉ ነገረው። አስተርጓሚው አልደነገጠም።

«አባባ፣ ወሰን ይበሉት አፋፍ ይበሉት፣ ያው ዳር አይደለም?» አለው። «እንግሊዝኛ ውስጥ እኮ ለዚህ ነገር የቃሉ ብዛት ልክ የለውም። አንዱን ከአንዱ ስለይ ልዋልልዎ?»

የገበሬው ደም ፈላ። ዱላውን አጥብቆ ጨበጠ። ቢመታው ግን ከሳሽነቱ ቀርቶ ተከሳሽ ሊሆን ነው። ይህን አስቦ ዱላውን ዝቅ አድርጎ ወጣ።

እሑድ ቀን ከተማ ወረደ። የአስተርጓሚውን ቤት ጠይቆ አገኘ። አስተርጓሚው እንግዶች ጋብዞ ምሳ እየበላ ነበር። ገበሬው ከውጭ ቆሞ «ቤቶች!» አላለም። የብረቱን በር ገፍቶ ገባ። ግቢውን አቋረጠ። ደፉን ጭቃ በነካው ጫማው ረግጦ አለፈ፤ በእንግዶቹ መሐል ሰላም ሳይል ሄደ፤ የጓዳውን መጋረጃ ገልጦ መኝታ ቤት ገባና በነጩ አንሶላ ላይ ተቀመጠ።

አስተርጓሚው እጁን ሳይታጠብ እየሮጠ መጣ። አባባ ማለቱ ቀረ። «አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ? ማን ፈቅዶልህ ነው መኝታ ቤቴ የገባኸው? ውጣ!» ብሎ ጮኸ።

«እስከ ቤትህ ዳር ነው የመጣሁት» አለ ገበሬው። «የግቢህ በር ዳር ነው። ደፍህ ዳር ነው። ይሄ የተቀመጥኩበትም የአልጋህ ዳር ነው። ያው አይደለም? የትኛው ላይ መቆም ነበረብኝ?»

አስተርጓሚው በጣቱ ወደ በሩ አመለከተ።

ያን ጊዜ ገበሬው ተነሳ። እስካሁን አፍኖ የያዘው ድምፅ ወጣ። «አንተ ቤት ሲሆን ልዩነቱ ወዲያው ገባህ! ለበር ለብቻው ቃል አለህ፣ ለጓዳ ለብቻው ቃል አለህ! የኔን ልጆች ቀለብ ገደል ስትከተው ግን ቃል አጠረህ?»

እንግዶቹ ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። የአስተርጓሚው ሚስት መጋረጃውን እንደያዘች ባሏን ታየዋለች። «ምንድን ነው ያደረግኸው?» አለችው። እሱ መሬት መሬት አየ። ምክንያቱም ቃሉን ያውቀው ነበር። ወሰን «ባውንደሪ» እንደሚባል ትምህርት ቤት ተምሯል፤ ፈተናም አልፎበታል። አላውቅም እንዳይል ያውቃል። አልደከመበትም እንጂ።

በማግስቱ ለመሐንዲሱ እውነቱን ተናገረ። መሐንዲሱ በንዴት ውሉን ቀደደው፤ ዶዘሩንም ከወሰኑ ድንጋይ ወዲያ አስወጣው። አስተርጓሚውን አባረረው። አዲስ ውል ተጻፈ፤ በዚህኛው ላይ እያንዳንዱ ቃል በቦታው ነበረ። አፈሩ ግን ገደል ወርዶ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ ይዞት ሄደ። ከወንዝ ላይ አፈር ለቅሞ የሚመልስ ሰው የለም።

ወራት አልፈው አስተርጓሚው ለእርቅ ሽማግሌ ላከ። ገበሬው ሽማግሌዎቹን አክብሮ አስቀመጣቸው፣ ቃላቸውንም እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ፣ «አባቶቼ፣ ጠላቴ ቢሆን ይቅር እለው ነበር» አላቸው። «ጠላት የሚጎዳኝ ቢያንስ አስቦኝ ነው። ይሄ ሰው ግን ፊቴ ቆሞ ሳለ እንደ ሰው አልቆጠረኝም። ከማሳዬ ላይ እህል ሲበቅል ያን ጊዜ ኑ።»

ሦስት ክረምት አለፈ። ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም።

መምህር ይትባረክ እዚህ ላይ አበቁ። ስመኝ ሳቋ ከጠፋ ቆይቷል። ጎንበስ ብለው ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«ያ አስተርጓሚ አንቺ ነሽ እያልኩሽ አይደለም፤ ገና አልሆንሽም» አሏት። «ግን ስሚኝ። ወሰን ላይ የአንዱ መብት ያልቃል፣ የሌላው ይጀምራል። አፋፍ ላይ አንድ እርምጃ ብትጨምሪ ትሞቻለሽ። ዳር ላይ ግን ማንም ቆሞ ሊያወራ ይችላል። እነዚህን አንድ ናቸው የምትይው አንቺ ምንም ስለማይነካሽ ነው! ይሄ የያዝሽው ወረቀት የሰው ማሳ ነው። ቃሎቹ የወሰን ድንጋዮች ናቸው። ዶዘሩ ደግሞ የአንቺ ብዕር ነው፤ የምትነጂው አንቺ ነሽ፤ ታዝዤ ነው ማለት አትችዪም። ባለመሬቱ የት ቆሞ ምን እንዳለ ካላወቅሽ፣ ነገ ሄደሽ ጠይቂው፤ በአፉ ይንገርሽ። ይሄ ከደከመሽ ሥራውን ለሚፈራው ሰው ልቀቂለት።»