ዘጠና ሰባተኛው መጽሐፍ

አንድ ሰዓት ሠሪ ነበረ፤ አጥናፉ ይባላል። የሚኖርባት ከተማ ትንሽ ብትሆንም ደህና የንባብ ቤት ነበራት፤ የንባብ ቤቱም አንድ ልማድ ነበረው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አንባቢዎች ይሰበሰቡና እያንዳንዱ በዚያ ዓመት ስንት መጽሐፍ እንደሚያነብ ቃል ይገባል። ቁጥሩ በትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከስሙ ጎን ይጻፋል። ከዚያ አንድ መጽሐፍ በጨረሰ ቁጥር ወደ መዝገብ ያዧ ወደ እትዬ የውብዳር ይሄድና የመጽሐፉን ርእስና አንድ መስመር አስተያየት መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ እሳቸውም ሰሌዳው ላይ አንድ ጭረት ይጨምሩለታል። ጳጉሜ ሲያልቅ ሰሌዳው ይዘጋል። በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ብዙ ያነበበው ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ ካነበባቸው አንዱን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነባል። መጽሐፉን የሚመርጥለት ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ነው። አንባቢው ያነበበውን ቤተሰቡም ያውቀዋል ብለው አስበው ይሆናል፤ ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው አሁን የለም።

ልማዱ መልካም ነበር። በዚያ ሰሌዳ ምክንያት መጽሐፍ የለመደ ብዙ ሰው አለ፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

አጥናፉ ባለፈው ዓመት ሰማንያ ስምንት መጽሐፍ አንብቦ በልብስ ሰፊው በሙላቱ በሁለት ተበለጠ። በሁለት! እነዚያ ሁለት ጭረቶች ከዓይኑ አልጠፋ አሉ። ሙላቱ ደግሞ መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር "አጥናፉ፣ የአንተ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል ልበል?" እያለ ይነካካዋል። አጥናፉ ይስቃል፤ አንጀቱ ግን እርር ይላል። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ ሰሌዳው ፊት ቆመና "መቶ!" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እትዬ የውብዳር ጠመኔውን እንደያዙ ዞር ብለው አዩት።

"ልጄ፣ መቶ ብዙ ነው። ሥራ አለህ፣ ትዳር አለህ።"

"ይጻፉት እትዬ። አልኩ አልኩ ነው።"

ጻፉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ዕረፍት የሚባል ነገር አጣ። ሲበላ ያነባል፣ ሲሄድ ያነባል፣ ደንበኛ የሰጠውን ሰዓት ሆዱን ከፍቶ ትቶት ያነባል። በደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አለችው፤ በቀን ስንት ገጽ እንደሚያስፈልገው፣ ስንት እንደቀረው፣ ሙላቱ የት እንደደረሰ እየጻፈ ይደምራል፣ ይቀንሳል። አንድ መጽሐፍ ሲያልቅ ደስ የሚለው ለአንድ አፍታ ነው፤ ሌላውን እስኪከፍት ድረስ። ከፍቶም አይረጋም፤ እያነበበ በአውራ ጣቱ የቀረውን ገጽ ውፍረት ይለካል።

ታኅሣሥ ላይ ወደ ኋላ ሲቀር አንድ ዘዴ አገኘ። የመጀመሪያውን ገጽ ሙሉውን ያነባል፣ የመጨረሻውን ገጽ ሙሉውን ያነባል፣ በመካከል ካለው ደግሞ ከየአንቀጹ የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ይለቅማል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ አፈረ። ጥር ላይ ለመደው። ሚያዝያ ሲገባ "ፈጣን ንባብ ነው" እያለ ለሰው ያስተምር ጀመር።

አሁን ስለ ሚስቱ ስለ ስንዱ ልንገራችሁ። አጥናፉና ስንዱ የተጋቡ ሰሞን እሑድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ይቀመጡና እሱ አንድ ትልቅ ልቦለድ እያነበበላት፣ እሷ ከጎኑ ሆና ፊደሉን በዓይኗ ትከተለው ነበር። አምስት መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ ነው። መቶኛው ገጽ አካባቢ ሲደርሱ አጥናፉ ሰሌዳው ላይ ስሙን አስጻፈ፤ መጽሐፉም ቀይ ክር ገብቶበት መደርደሪያ ላይ ቀረ። ስንዱ አንዳንዴ "ያንን መጽሐፋችንን አንጨርሰውም?" ትለዋለች። እሱም "እሱ እኮ ወፍራም ነው ስንዱዬ፤ በእሱ ጊዜ አምስት አነባለሁ" ይላታል።

መጋቢት ላይ ስንዱ ብቻዋን ሐኪም ቤት ሄደች። ለወራት ፊደል ይደበዝዝባት ነበር። ሐኪሙ ብዙ ከመረመራት በኋላ እውነቱን ነገራት፤ ዓይኗ ቀስ በቀስ እየጠፋ ነው፣ የሚያድነው መድኃኒት የለም፣ ፊደል የምታየው ቢበዛ አንድ ዓመት ነው። ከሐኪም ቤት እስከ ቤቷ ያለውን መንገድ በእግሯ መጣች። በመንገዱ ሁሉ ያሰበችው ያንን ቀይ ክር ነበር።

ቤት ስትደርስ አጥናፉ እንደ ልማዱ አጎንብሷል።

"አጥናፉ፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር።"

"ጎሽ። ምን አሉሽ?" ዓይኑ ከገጹ አልተነቀለም።

"ዓይኔን..."

"እህ።"

"እየሰማኸኝ ነው?"

"እየሰማሁሽ ነው እኮ። አራት ገጽ ቀረኝ፤ እሷን ልጨርስና ትነግሪኛለሽ።"

አራቱ ገጽ አለቀ። ሌላ መጽሐፍ ተከፈተ። ስንዱ በሌላ ቀን ሞከረች፣ ደግማም ሞከረች፤ ሁልጊዜ የሚቀረው ገጽ አለ። አንድ ቀን በርጩማ አደናቅፏት ልትወድቅ ስትል አጥናፉ እግሩን ሰብሰብ አደረገላትና ገጹን ገለጠ።

ስንዱ መጨቃጨቅ አትወድም። ያዘነችውን አዝና ስታበቃ "ይህ ሰው የሚያየው መጽሐፍ ብቻ ከሆነ እኔም መጽሐፍ እሆንለታለሁ" አለች። ክረምቱን ሙሉ፣ እሱ ሱቅ ሲሄድ፣ ፊደሉን አግዝፋ አንድ ታሪክ ጻፈች። ወስዳም ጽሕፈት ቤት አስተየበችው፤ ሠላሳ ሁለት ገጽ ወጣው። ጀርባውን በራሷ እጅ በወፍራም ሰማያዊ ክር ሰፋችው። ሽፋኑ ላይ "ለአንድ አንባቢ" ብላ ጻፈች፤ ስሟን ግን አልጻፈችም። ከዚያ የእሱ የመጻሕፍት ክምር ላይ አስቀመጠችው። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ እንደሚያነሳው ታውቃለች፤ በዚያ ሰሞን ባሏ ከመጽሐፍ የሚፈልገው መልክ ቅጥነት ብቻ ነበር።

ጳጉሜ ሦስት ቀን አጥናፉም ሙላቱም እኩል ዘጠና ስድስት ላይ ነበሩ። አጥናፉ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቀልቷል። ጠዋት ከክምሩ ላይ ቀጭኗን ነጥቆ ወጣ፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ደንበኛ እያስጠበቀ "አነበባት"። የመጀመሪያው ገጽ፣ ፊደል እየደበዘዘ ስለሄደባት አንዲት ሴት ይናገራል። የመጨረሻው ገጽ "ሴትየዋም በሩ ላይ ቆማ መልሱን ጠበቀች" ብሎ ያበቃል። በመካከል ያለውን እንደ ዘዴው ለቃቀመውና ወደ ንባብ ቤቱ ሮጠ። መዝገቡ ላይ "ቋንቋው ቀላል ነው። መጨረሻው ግን ተንጠልጥሎ ቀርቷል" ብሎ ጻፈ።

እትዬ የውብዳር መጽሐፉን አገላብጠው አዩት። "ደራሲው ማነው?"

"አልተጻፈም እትዬ። ይለፉት፤ ጭረቷን ብቻ።"

ለምሳ ቤት ሲገባ ስንዱ ጥሩ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ያቺን ሰማያዊ ክር ያላትን አነበብካት?"

"አዎ! ዘጠና ሰባተኛዋ ናት። ግሩም ናት።"

"ግሩም?"

"ሦስት ብቻ ቀረኝ። ስንዱዬ፣ ሻይ ታፈዪልኛለሽ?"

ስንዱ ወደ ጓዳ ገባች። ሻዩ በጣም ዘገየ። አጥናፉ መዘግየቱን ያወቀው ሻዩ ሲመጣ ሁለት ምዕራፍ አልፎ ስለነበር ነው፤ እንዲያውም ደስ አለው።

ጳጉሜ አምስት፣ ሰሌዳው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው አጥናፉ መቶ ሞላ። ሙላቱ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመ።

በእንቁጣጣሽ ማግስት የንባብ ቤቱ ግቢ በሰው ሞላ። መቶው መጽሐፍ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። አጥናፉ አዲስ ኮት ለብሶ ቆሟል፤ ሆኖም አሁንም እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም። ልቡ ለሚቀጥለው ዓመት መቶ ሃያ ይበል ወይስ መቶ ሠላሳ እያለ ያወጣል፣ ያወርዳል። እትዬ የውብዳር "መራጯ ትምጣ" አሉ። ስንዱ መጣች።

ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ አጥናፉ አንድ ነገር አየ። ስንዱ መጻሕፍቱን እያየች አልነበረም። ፊቷን ቀና አድርጋ የመጻሕፍቱን ጀርባ በጣቶቿ ትዳብሳለች። ጣቷ ወፍራሙ ክር ላይ ሲደርስ ቆመ። አውጥታ ሰጠችው።

"ይቺን።"

"ስንዱዬ፣ ከዚህ ሁሉ መጽሐፍ ይቺን? ሰው ይስቅብናል እኮ።"

"ይቺን አንብብልኝ።"

አጥናፉ ከፈተ። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ መዝለል አይችልም፤ ሕዝብ እየሰማው ነዋ! የመጀመሪያውን ገጽ ጥሩ አድርጎ አነበበ። ሁለተኛው ላይ "ሴትየዋ ባል ነበራት፤ ባሏ ሰዓት ይሠራል" የሚል መጣ። አንዳንድ ሰው ፈገግ አለ። አጥናፉም ፈገግ አለ። ሦስተኛው ገጽ ላይ "ሐኪሙ ያላትን ልትነግረው ሞከረች፤ በመጀመሪያው ቀን አራት ገጽ ቀርቶት ነበር" ይላል።

ድምፁ ተቋረጠ። ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቿ ወደ እሱ ዞረዋል፤ ትንሽ ግን ስተውታል።

"ቀጥል" አለችው።

ቀጠለ። ስለ በርጩማው አነበበ። ከሐኪም ቤት በእግሯ ስለመጣችበት መንገድ አነበበ። አሥራ አምስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ያቺ ሴት እኔ ነኝ አጥናፉ። ፊደል የማይበት አንድ ዓመት ተሰጥቶኛል፤ ይህን ስጽፍም እያለቀ ነው። ቀዩ ክር ያለበትን መጽሐፋችንን በዓይኔ እያየሁ ካንተ ጋር ልጨርሰው እፈልጋለሁ። ይሆናል ወይም አይሆንም በለኝ።" አጥናፉ እያለቀሰ የቀረውን ሁሉ አነበበ፤ አንዲት መስመር አልዘለለም። "ሴትየዋም በሩ ላይ ቆማ መልሱን ጠበቀች" የሚለው ላይ ሲደርስ ጥሩ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ የቆመችው ስንዱ ትዝ አለችው። ሻይ አፍዪልኝ ነበር ያላት።

"ይሆናል" አለ። ከዚያ ወደ እትዬ የውብዳር ዞረ። "እትዬ፣ ጭረቶቼን ይሰርዙልኝ።"

"ስንቱን ልሰርዝ?"

አጥናፉ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን መጻሕፍት አየ። ከአንዳቸው እንኳ ለሰው የሚናገረውን አንድ ነገር ፈለገ፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጾች ብቻ ተምታተው መጡበት።

"አንድ ይተዉልኝ" አለ። "እሱንም ያነበብኩት ዛሬ ነው።"

እትዬ የውብዳር ጨርቁን አንስተው ሰሌዳውን ጠረጉ። አሸናፊነቱ ለሙላቱ ደረሰ። ሙላቱ ግን ሲፈለግ አልተገኘም፤ እሱም በእውነት ያነበባቸውን በልቡ ሊቆጥር ሞክሮ ኖሮ ሹልክ ብሎ ሄዷል።

አጥናፉና ስንዱ በማግስቱ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ቀዩን ክር አወጡና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ፤ እሱ ሁሉንም ረስቶታልና። የስንዱ ዓይን በቀን ከሦስት ገጽ በላይ አይችልም ነበር፤ እሷ ደግሞ ፊደሉን ካላየሁ አለች። ያ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ሲጣደፍ የኖረው ሰው፣ አሁን ጊዜው በእውነት ሲያጥር በዝግታ አነበበ። ሦስት ገጽ፣ በማግስቱ ሦስት ገጽ። የካቲት ላይ፣ አርባ ገጽ ሲቀራቸው፣ አንድ ጠዋት ስንዱ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ቆየችና "በቃ፣ ነጭ ሆነብኝ" አለች። አርባውን ገጽ እሱ አነበበላት፤ እሷ ሰማችው። መጨረሻው በጣም ያምር ነበር አሉ። ግን መጋቢት ላይ ሰምቷት ቢሆን ኖሮ አርባው ገጽ ለዓይኗ ይደርስ ነበር። አጥናፉ ይህን ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያናግረው የያዘውን ሁሉ አስቀምጦ ቀና የሚለው ለዚህ ነው።

ወዳጆቼ፣ ሰሌዳው ጥፋት የለበትም። ቃል መግባት፣ ያነበቡትን መመዝገብ፣ ከሰው ጋር መወዳደር ብዙዎችን አንባቢ አድርጓል። ጥፋቱ ጭረቱን ስንፈልግ መጽሐፉን የተውነው ቀን፣ መጽሐፉን ስንገልጥ ደግሞ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው የዘለልነው ቀን ይጀምራል። ያነበብነው የሚታወቀው ስንት እንደጨረስን ስንናገር ሳይሆን፣ የሚያናግረንን ሰው መስማት ስንችል ነው።

አንተስ፣ አንቺስ፣ ይህንንም ታሪክ ቶሎ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከማለፋችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ቤታችሁ ውስጥ ያችን አራት ገጽ እስክትጨርሱ የሚጠብቃችሁ ማን ነው?