ባርኔጣው ላይ ያልነበሩት ወፎች

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይስማበት፣ ዓይን ያለው ይይበት።

አንድ የኔታ ዝንጀሮ ነበሩ። ግልገሎችን በቆሎ ማሳ ዳር ሰብስበው፣ ሰውን ማሳ ውስጥ ከሚተከል ማስፈራሪያ መለየት ያስተምሩ ነበር።

«ማስፈራሪያ ምን አለው?»

«ኮት! ባርኔጣ! የተዘረጋ እጅ!» ይላሉ ግልገሎቹ በአንድ ድምፅ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ግልገሎቹ ርቧቸዋል። ማሳው መሐል ኮት የለበሰ፣ ባርኔጣ የደፋ፣ እጁን የዘረጋ ነገር ቆሟል።

«ማስፈራሪያ ነው፤ ግቡና ብሉ» አሉ የኔታ።

ትርንጎ የምትባል ግልገል ግን አልተነሳችም። «የኔታ፣ ትናንት ባርኔጣው ላይ ወፎች ሰፍረው ነበር። ዛሬ አንድም የለም።»

«ወፍ ትምህርቱ ውስጥ የለም።»

«እሱስ የለም። ግን የት ሄዱ?»

ግልገሎቹ ግራ ገባቸው። የኔታ ተሳስተው አያውቁም፤ ወፎቹም በእርግጥ የሉም። ሁሉም አንድ እግራቸውን አንስተው፣ የት እንደሚያሳርፉት ሳያውቁ ቆሙ።

የኔታ ተቆጡ። «እንግዲያው እኔን እዩ!» ብለው ቀድመው ገቡ።

የተዘረጋው እጅ ድንገት ታጠፈና ከኮቱ ሥር ማጭድ አወጣ። ዝንጀሮ ሁሉ ወደ ገደሉ ሸሸ፤ የኔታ የደረሱት ከሁሉም ኋላ ነው።

በማግስቱ ትምህርቱ ቀጠለ።

«ማስፈራሪያ ምን አለው?»

«ኮት! ባርኔጣ! የተዘረጋ እጅ! ወፍ!»

«ጎበዞች።»

ትርንጎ እጇን አወጣች። «የኔታ፣ ጅራትዎ ትናንት ረጅም ነበር።»

«ጅራት ትምህርቱ ውስጥ የለም» አሉ የኔታ፣ ድንጋዩ ላይ በጥንቃቄ እየተቀመጡ።

ተረቴን መልሱ፤ አንዲት ወፍ እንዳትረሱ።