ቃሬዛ ላይ የወጣው ሐኪም

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ወዲህ ጠጋ ይበል።

አያ ጦጣ ከአንድ ገደል አናት ላይ ባለ ዋርካ ተቀምጦ መድኃኒት ይሰጥ ነበር አሉ። ኩሩ ስለነበር ወደ ታማሚ ቤት አይሄድም፤ «በሬ ለሁሉም ክፍት ነው» ማለት ይወዳል።

አንድ ቀን ከገደሉ ሥር የምትኖረው እመት ኤሊ በንዳድ ተያዘች። ደጉ አህያና ግትሩ ከርከሮ በቃሬዛ ሊያወጧት ሞከሩ። አህያ ረጅም፣ ከርከሮ አጭር ነውና ቃሬዛው ዘመመ፤ ኤሊም ተንሸራታ ቁልቁል ተንከባለለች።

ቢቸግራቸው ባዶውን ቃሬዛ ይዘው ወጡና፣ «ውረድና እያት» አሉት።

«በሬ ክፍት ነው፤ ትምጣ» አለ ጦጣ።

«እሷ ትንሸራተታለች፤ አንተ ግን መጨበጥ ታውቃለህ» አለ ከርከሮ፤ ከነመድኃኒት ከረጢቱ ቃሬዛው ላይ አስተኙት።

በአገሩ ወግ ቃሬዛ ያየ ዝም ብሎ አያልፍም። አጋዘን ሮጦ መጣና ትከሻውን ሰጠ።

«እግዜር ይማርህ አያ ጦጣ፤ ምን ነካህ?»

«አልታመምኩም። ሐኪሙ እኮ እኔ ነኝ።»

«አይዞህ፤ ትኩሳቱ ነው እንዲህ የሚያስቀባጥርህ።»

ጦጣ ቃሬዛውን ሙጭጭ አድርጎ እንደያዘ፣ ወገቡ እየተንገጫገጨ ወረደ። ለኤሊ መድኃኒቱን ሲያጠጣት፣ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አለችው።

ንዳዱ ሲበርድላት አህያ ቃሬዛውን አነሳና፣ «በል፣ ወደ ላይ እንመልስህ» አለ።

ጦጣ ቃሬዛውን አየ፤ ገደሉንም አየ።

«እዚህ አካባቢ» አለ ወገቡን እያሸ፣ «ጥላ ያለው ዛፍ አይጠፋም መቼም።»

እኔ ተረቴን እዚህ አደረስኩት፤ የቀረውን ተቀብላችሁ ተሸከሙ።